በአቃኚ ያላለፈ ንባብ

ቅዳሜ ጠዋት የዋርካ በር ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት፣ ቀድሞ የገባ ሰው ጠረጴዛዎቹን «እንደምን አደራችሁ» ማለት አለበት። ካላለ ገጻቸው አይበራም። እኔ አልልም። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ በጡረታዬ ለጠረጴዛ እጅ አልነሳም ብያለሁ። ስለዚህ እማማ ሄራን እስኪመጡ ደጅ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እሳቸው ይገቡና በየተራ ሰላም ይሏቸዋል። በመስኮቱ በኩል ያለውንማ «ልጆችስ ደህና ናቸው?» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠረጴዛውም እግዚአብሔር ይመስገን አላቸው።

የቅዳሜ የጽሑፍና የሥዕል ማኅበር የምንባለው እኛ ነን። አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን፤ ጉልበታችን ያመናል፣ ጊዜ ግን ሞልቶናል። የማኅበሩ ዓላማ ግድግዳው ላይ እንደተጻፈው «የነዋሪውን የፈጠራ ችሎታ ማጎልበት» ነው። የሚጎለብተው እንዲህ ነው፦ አንዱ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ «ጎረቤቴ ምቀኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ገና ጣቱን ሳያነሳ፣ በጠረጴዛም በስልክም የሚጻፈውን ሁሉ የሚያለሰልሰው መሣሪያ፣ አቃኚው፣ ያቃናውና «ጎረቤቴ የራሱ አመለካከት ያለው ሰው ነው» ይሆናል። ጸሐፊው ያነበዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሱን ነበር ማለት የፈለግኩት ይላል። አልነበረም። ምቀኛ ነው ማለት ነበር የፈለገው። ጎረቤቱን እኔም አውቀዋለሁ፣ ምቀኛ ነው።

ሥዕሉም ከዚህ አይሻልም። የእማማ ሄራን ባል በሕይወት ሳሉ ባጃጅ ተገልብጦባቸው መንጋጋቸው ወደ ግራ የተጣመመ ሰው ነበሩ። እማማ ሄራን ሌላ ነገር መሳል አይፈልጉም፤ በየሳምንቱ ባላቸውን ይስላሉ። አቃኚውም በየሳምንቱ መንጋጋውን ያቃናል። «ይኸው ስንት ጊዜ ስላቸዋለሁ፣ የሌላ ሰው ባል እየሆኑ ይወጣሉ» ይላሉ። ቢሆንም ጠረጴዛውን አይቀየሙትም፤ ያልሠለጠነ ልጅ ነው ይሉታል።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደምስስ ይባላል። እንደ እኩዮቹ ሁሉ የቅድመ አያቱ ስም ወጥቶለት ነው እንጂ ዝንብ እንኳ ደምስሶ አያውቅም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ ነው የሚያቃጥለኝ። ደንቡን የሚያስከብረው እሱ ነው፤ ደንቡም በሕዝብ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ማንኛውም ጽሑፍ አስቀድሞ በአቃኚ ማለፍ አለበት ይላል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ሰው እንዳይቀየም ነው እትዬ ሶልያና» አለኝ። ሰው የማይቀየምበት ጽሑፍ ምን ያደርጋል ስለው፣ ጥያቄዬን በትሕትና ለሚመለከተው ክፍል አስተላለፈልኝ። መልሱ በጣም ያማረ ነበር። ምን እንዳለ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጋሽ ዮአብ ወደ ማኅበራችን የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በዕድሜ ብዙም ስለማይበልጠኝ አንተ እለዋለሁ፤ እሱ ቲቸር ይለኛል። የመጣበትን ነገር ፊት ለፊት ነው የነገረኝ። ታናሽ ወንድሙ ሚልኪያስ ተቀይሞታል፤ የሚቀጥለው የንባብ ቀን ላይ፣ ሚልኪያስ ባለበት፣ በሰው ፊት ይቅርታ የሚጠይቅበትን ጽሑፍ ማንበብ ይፈልጋል። ሁለቱም አርጅተዋል። አንዳቸው ሳይታረቁ ቢሞቱ የቀረው በምን ዓይኑ ቀብር ይወጣል? እሱን እያሰበ እንቅልፍ አጥቷል።

ነገሩ የቆየ ነው። እናታቸው እማማ ቤዛዊት ሲታመሙ ሚልኪያስ ጅግጅጋ የውሃ መሥመር ይዘረጋ ነበር። ዮአብ «እናታችን ልትሞት ነው፣ ቶሎ ድረስ» ብሎ በስልክ ጻፈለት። አቃኚው ያንን አቃንቶ «እናታችንን ትንሽ አሟታል፤ ምንም አታስብ» አደረገው። ሚልኪያስ ምንም አላሰበም። እናቱ ተቀብረው፣ ድንኳኑ ሊነቀል ሲል ደረሰ።

«አቃኚው ነው ቲቸር» አለኝ ዮአብ። «እኔ ምን ላድርግ።»

እዚህ ላይ አቃኚውን ሙሉ በሙሉ መውቀስ አልቻልኩም፤ ይኼም ያናድደኛል። ማን አስተማረው? እኛው ነን። ካንሰርን ትንሽ ጉንፋን ነው የምንል፣ የሞተውን ሰው ተሽሎታል እያልን ዘመዱን ከሩቅ አገር የምናመጣ ሕዝብ ነን። ያንን ሁሉ አየ፣ አጠና፣ ከእኛ በላይ ይሉኝታ ያዘው።

ከቀብሩ በኋላ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። ዮአብ ግን ለዓመታት ቅር ሳይለው ኖረ፤ ምክንያቱም በየበዓሉ ከሚልኪያስ የሞቀ ሰላምታ ይደርሰው ነበር። ይቅር ብሎኛል ብሎ ደመደመ። ዘንድሮ፣ ሚልኪያስ ጡረታ ወጥቶ ወደ ዋርካ በር ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኙና ዮአብ አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። ሚልኪያስ ቃል ሳይተነፍስ ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። ዮአብ ይህን ሲነግረኝ አዘንኩለት።

ሥራ ጀመርን። ዮአብ ጠረጴዛው ላይ «ወንድሜ ሆይ፣ በድዬሃለሁ» ብሎ ጻፈ። «ወንድሜ ሆይ፣ ሁልጊዜ አስብሃለሁ» ሆነ። «እናታችንን ሳታያት ቀረህ» ብሎ ጻፈ። «እናታችን ሁልጊዜ በልባችን አለች» ሆነ። ሦስተኛ ሲሞክር ጠረጴዛው እንደ መጨነቅ ብሎ፣ ከወንድምዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት እጅግ መልካም ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ለማስረጃም የስንት ዓመት የበዓል ሰላምታ ዘረዘረ።

ተነስቼ ደምስስ ቢሮ ገባሁ። ዮአብ ከወንድሙ ጋር ስለተጣላ ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚፈልግ፣ አቃኚው ግን እንዳላስቻለው አስረዳሁት። ደምስስ አንገቱን አዘንብሎ ሰማኝ፤ ከፊቱ ያለውን መስታወት ነካ ነካ አደረገ።

«እትዬ፣ ሰዎቹ እኮ ታርቀዋል» አለኝ።

«ማን አስታረቃቸው?»

«እዚህ ይታያል። ፋሲካ ላይ እንኳን አደረሰህ ተባብለዋል፣ ገና ላይም እንደዚሁ። እንዲያውም ከእኔና ከወንድሜ ይሻላሉ።»

በሩን ገጭ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። በሩ ይቅርታ ጠየቀኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዳቦ ቤት መጠቅለያ ወረቀት ለምኜ፣ እርሳስ ከየትም አፈላልጌ መጣሁ። ጠረጴዛዎቹ እንዳይነቁ እማማ ሄራንን በር ላይ ያዝኳቸውና ዛሬ ሰላም እንዳይሏቸው አስማልኳቸው። ቅር እያላቸው እሺ አሉ። ወረቀቱን ለሁሉም አደልኩና ማንም የማያቃናው ነገር ጻፉ አልኳቸው፤ ደስ ያላችሁን፣ ያበሸቃችሁን፣ ያሳፈራችሁን።  እርሳስ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ አልደብቅም፣ ደስ አለኝ። ከደንቡ ጋር በኋላ እንተያያለን አልኩ በልቤ።

ሰበሰብኩና አነበብኩ። የመጀመሪያው «ሕይወት ውብ ጉዞ ናት» ይላል። ሁለተኛው «መተሳሰብ ባህላችን ነው» ይላል። የዮአብ የመጨረሻው ነበር። «የምወድህና የማከብርህ ወንድሜ፣ በመካከላችን ተፈጥሮ ሊሆን የሚችለው አነስተኛ አለመግባባት ፍቅራችንን ይበልጥ እንዳጠነከረው አምናለሁ» ይላል። በገዛ እጁ፣ በእርሳስ፣ በዳቦ ወረቀት ላይ። አቃኚው ጠፍቶ ነበር እኮ። ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ጨልመው ነበር።

ትዕግሥቴ አለቀ። ወረቀቱን ፊቱ ላይ አደረግኩለት።

«ጋሽ ዮአብ፣ ምን አደረግክ? አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስጠኝ። ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ነገርኩሽ እኮ ቲቸር፣ አቃኚው ነው...»

«እንግዲያው አቃኚው ይቅርታ ይጠይቅ። አንተ ለምን መጣህ?»

  ዮአብ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እማማ ሄራን አንቺ ደግሞ ምላስሽ ምነው ብለው ተቆጡኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያ የሚቀጥለውም።

እኔ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ሚልኪያስን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ንብ ወደሚያረባበት ቤቱ ለንባብ ቀን ልጠራው ራሴ ሄድኩ። ቀፎ እየጠገነ አገኘሁት። የዮአብን ስም ስጠራ መዶሻውን አስቀመጠ።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ዮአብ በየበዓሉ የሚልክለትን ሰላምታ አንድ በአንድ አሳየኝ። ያለፈው ፋሲካ «ወንድማማችነታችን እንደ ማር ይጣፍጥ» ይላል። ንብ አናቢ መሆኔን ሰምቶ መሰለኝ ማር የጨመረበት፣ አለኝ። እናቴን ሳላያት አስቀብሮ በየዓመቱ ያለ አንዳች ሐፍረት ይጣፍጥ ይለኛል፤ ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ራሱ ለዮአብ አንድም ቀን መልሶለት አያውቅም።

መልስ እንደሚደርሰው ነገርኩት። በየበዓሉ፣ የሞቀ መልስ።

መጀመሪያ አላመነኝም። ቀጥሎ ገባው፤ ሳይመለስ የዋለ ሰላምታ ሰው ያስቀይማል ብሎ አቃኚው ራሱ ሲመልስ ኖሯል። ወንድሙም እስከ ለቅሶ ቤቱ ቀን ድረስ ታርቄያለሁ ብሎ በሰላም ሲተኛ ኖሯል። ሚልኪያስ ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ሳልጠየቅ አስታርቀውኝ ነበር ማለት ነው አለ። ዮአብ ሰላምታዎቹን አልጻፋቸው ይሆናል ብዬ ልከራከርለት ሞከርኩ።

«ሶሊ፣ አትልፊ» አለኝ። «እመጣለሁ። ግን የተቃና ነገር ካነበበልኝ ተነስቼ እወጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብሞትም ቀብሬ ላይ እንዳይቆም።»

ይህን ለዮአብ ልነግረው ቤቱ ሄድኩ። በሩን አልከፈተልኝም። በሩ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ።

የንባብ ቀን በዋርካ በር ትልቅ ነገር ነው። አዳራሹ ጠዋት በአበባ ያጌጣል፤ አንባቢው ሲጨርስ ወንበሮቹ ቀስ ብለው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰውም ያኔ ያጨበጭባል። ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ አዳራሹ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ፣ በእርግጥ አቃንቶ፣ በትልቁ ይጽፋል። የእኛ ማኅበር አባላት በየተራ አነበቡ። ሕይወት ውብ ጉዞ ነች ተባለ። መተሳሰብ ባህላችን ነው ተባለ። ወንበሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እኔም በንዴት እንቀጠቀጣለሁ። ሚልኪያስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሩን በሩን ያያል። የዮአብ ተራ ደረሰ፤ ስሙ ተጠራ፤ የለም። ሚልኪያስ ባርኔጣውን አነሳ።

በሩ ተከፈተና ዮአብ ገባ። ነጠላውን አደግድጓል፤ ማጅራቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሟል። በሁለት እጁ ደግፎት፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን እየጎተተ በመቀመጫዎቹ መሐል መጣ። በፊልምም በጨዋታም ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ በዓይኔ ያየሁት በልጅነቴ ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ስለምነው ከርሜ ድንጋይ ይዞልኝ መጣ።

ደምስስ ሮጦ ደረሰና ጽሑፍዎ የታል፣ በአቃኚ አልፏል ወይ ብሎ ጠየቀው። ዮአብ መንገዱን ቀጠለ። ደምስስ ጭንቅ ብሎት ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ የሥዕል ዘርፍም እንዳለን ትዝ አለው መሰለኝ ፊቱ ፈካ። ግድግዳው ላይ «ሥነ ጥበባዊ ትርኢት፦ ሰውና ድንጋይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ወንበሮቹ ተንቀጠቀጡ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ።

«ዝም በሉ» አሉ እማማ ሄራን። እሳቸው በሰው ፊት ሲጮሁ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ጭብጨባው ቆመ።

ዮአብ ሚልኪያስ እግር ሥር ደርሶ ጎንበስ አለ። ሽማግሌዎቹ ከየተቀመጡበት፣ በል ሚልኪያስ አንሳለት፣ ሰው ከድንጋይ በታች አይቆምም ማለት ጀመሩ። ሚልኪያስ እጁን አላነሳም። የዮአብ ክርን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልደግፈው ብዬ ተነሳሁና እማማ ሄራን ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ምን እንዳደረግክ ተናገር» አለ ሚልኪያስ።

አሁን አቃኚው ነው ይላል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አቃኚው አይደለም» አለ ዮአብ፣ ወደ መሬት እያየ። «አቃንቶ አሳየኝ። አነበብኩት። ትንሽ አሟታል፣ አታስብ ይላል። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ አጠገቤ እያጣጣረች ነበር። ግን እኔ ከጻፍኩት ለስለስ አለኝ። ነገ ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ ብዬ ላከው አልኩት። በማግስቱ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተች።»

ግድግዳው «ወንድማማቾች የቆየ ናፍቆታቸውን በመግለጽ ላይ ናቸው» ብሎ ጻፈ። የሚወረወር ነገር ባገኝ እወረውርበት ነበር።

ሚልኪያስ ተነሳ። ድንጋዩን በአንድ በኩል ያዘ፤ ብቻውን አልቻለም። ዮአብም ከሥር እየገፋ፣ ሁለት ሽማግሌ ሰዎች እያቃሰቱ መሬት አወረዱት። ሽማግሌዎቹ ተመስገን አሉ። ያለቀ መስሏቸው ነው። ደምስስም የሚቀጥለውን አንባቢ ሊጠራ አፉን ከፈተ።

«ቆይ» አለ ሚልኪያስ። ለወንድሙ ነው የሚናገረው። «እኔ የእናቴን ሞት ከማን እንደሰማሁ ታውቃለህ? ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብዬ እየሠራሁ እግዚአብሔር ያጽናህ የሚል መልእክት መጣልኝ፤ ከማላውቀው ሰው። ተሳስቶ ነው አልኩ። ከዚያ ሌላ መጣ። ከዚያ ሌላ። ኪሴ ውስጥ ሲነዝር ዋለ። ማን እንደሞተብኝ የሚነግረኝ የለም፤ ሁሉም ያጽናናኛል። እኔ ነኝ ቆጥሬ፣ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ፣ እሷ መሆኗን የደረስኩበት። ቁጭ አድርጎ መርዶ ያረዳኝ ሰው የለም ዮአብ። እስከ ዛሬ አልተረዳሁም።»

 የዮአብ እንባ ጢሙ ላይ ወርዷል።

«ታላቄ ነህ» አለ ሚልኪያስ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ። «አርዳኝ።»

ዮአብ ነጠላውን አስተካከለ። ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፤ እነሱም ገብቷቸው ተነስተው ከሚልኪያስ ግራና ቀኝ መጥተው ተጠግተው ተቀመጡ፤ ሊወድቅ ቢል እንዲይዙት። እማማ ሄራን ከጀርባው ቆሙ። 

«ሚልኪያስ» አለ ዮአብ። «እናታችን ሞታለች።»

ሚልኪያስ ጮኸ። «እናቴ! እናቴን!» እያለ ፊቱን ሊነጭ ሲል ሽማግሌዎቹ እጆቹን ያዙ። እማማ ሄራን ወዬ ቤዛዬ ብለው ጀመሩ፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ማንም ሳያዝዝ ሰው ወንበሩን እያነሳ በዙሪያቸው አደረገ። እማማ ቤዛዊትን በስም እንኳ የማያውቁ ወጣቶች ግራ ገብቷቸው ትንሽ ቆሙና፣ አንዷ ልጅ መጥታ ከእማማ ሄራን ጎን ቁጭ አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዮአብ ወንድሙ እግር ሥር ተቀምጦ፣ እንዴት እንዳመማት፣ መጨረሻ ላይ ውሃ እንዴት እንደጠየቀች፣ ሚልኪያስ መጣ ወይ ብላ ስንት ጊዜ እንደጠየቀችው፣ አንዱን ከአንዱ እያቀደመ፣ እየተደነቃቀፈ ይነግረዋል። ሚልኪያስ ያለቅሳል፣ ከዚያስ ይላል።

እኔም አለቀስኩ። ተናድጄ የመጣሁ ሰው፣ በማን እንደተናደድኩ እስኪጠፋኝ አለቀስኩ።

ደምስስ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለሌላ ፕሮግራም የተያዘ መሆኑን ነገረኝ። ሰዉን ደግሞ አየና ዓይኑ ቀላ።

«እትዬ፣ ሴትዮዋ መቼ ነው የሞቱት?» አለኝ።

«ልጃቸው ገና አሁን ነው የሰማው» አልኩት። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።